በእምነት መቀለድ ጎረቤትን ማራቅ ነው

(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ።)



የወርኃዊ መዋጮው ሒሳብና የድንኳኑ ጥገና ነገር በገንዘብ ያዣችን በኩል ተነግሯችኋል። አሁን የምናነሣው ግን በብር የማይቆጠር ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ካልታረመ፣ ከገንዘብ ዕጦት ይልቅ ማኅበራችንን ፈጥኖ የሚያፈርሰው እርሱ ነው ብለን እናምናለን።

ጉዳዩ ይህ ነው። በዚህ ዓመት ሦስት ቤተሰቦች ከማኅበሩ ለመውጣት ደብዳቤ ጽፈውልናል። ሦስቱም መዋጮ አላጓደሉም፣ ከቀብርም አልቀሩም። አንዱ ቤተሰብ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ፕሮቴስታንት ነው። ሳይመካከሩ የጻፉት ምክንያት ግን አንድ ሆኖ አገኘነው፤ በእምነታችን እየተቀለደብን ነው የሚል ነው።

የመጀመሪያው አባላችን ሻይ ቤት ገብቶ የጾም ምግብ ባዘዘ ቁጥር «በዚህ ዘመን ገና ትጾማለህ? አንገትህ ላይ ያለውስ ክር መቼ ነው የሚበጠሰው?» እየተባለ ይሳቅበታል። የሁለተኛው ቤተሰብ ልጅ ደግሞ ሻሿን አድርጋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልጆች ተከትለው ስም ያወጡላታል። አሁን በዋናው መንገድ መምጣት ትታ በጓሮ ዞራ ነው አሉ የምትገባው። ሦስተኛዋ እናታችን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ሳለ፣ ከጀርባዋ «ጸረ ማርያም መጣች» ተብሏል። ያውም ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ አድራ!

እንግዲህ «ቀልድ ነው፣ ለምን ይከብዳል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛም በኮሚቴ ስንነጋገርበት ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። ሰው ከጎረቤቱ ጋር መቀላለዱ ያለ ነው፤ ያለ ጨዋታም ጉርብትና አይጥምም። ሙስሊሙ ጎረቤት ክርስቲያኑን «ዘንድሮስ ጾሙን ትዘልቀዋለህ?» ቢለው፣ ያኛውም «አንተ ደግሞ ረመዳን ሲገባ እናያለን» ቢለው፣ ሁለቱም ስቀው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ይህ መዋደድ እንጂ መናናቅ አይደለም።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? እኛ በሦስት ነገር ይለያል ብለናል። አንደኛ፣ የተቀለደበት ሰው አብሮ ይስቃል ወይስ አንገቱን ይደፋል? ሁለተኛ፣ ቀልዱ እኩያ ለእኩያ የሚመልሰው ነው ወይስ ብዙ ሆኖ በአንድ ሰው ላይ መነሣት ነው? ሦስተኛ፣ የተነካው የሰውዬው ጠባይ ነው ወይስ እርሱ ቅዱስ ብሎ የያዘው ነገር? አንገቱን ካስደፋው፣ ብቻውን ካደረገው፣ የሚሰግድለትንም ካዋረደው፣ ያ ቀልድ መሆኑ ቀርቶ ዱላ ሆኗል ማለት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አንድ ነገር ግን እንዳይደባለቅብን። መጠየቅ ነውር አይደለም። «ለምን ትጾማላችሁ? ለምን በቀን አምስት ጊዜ ትሰግዳላችሁ? ለምን ለታቦት አትሰግዱም?» ብሎ ለማወቅ የጠየቀ ሰው ዘለፈ አይባልም። አልስማማም ማለትም መብት ነው። ሃይማኖት የሌለው ጎረቤትም ቢኖረን እንዲሁ ነው፤ እርሱ አማኙን «ኋላ ቀር» እንዳይል፣ አማኙም እርሱን «ከሀዲ፣ የተረገመ» እንዳይለው እንጠይቃለን። ክብሩ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ክብር አይደለም።

የተከበራችሁ አባላት፣ ይህን ጉዳይ ትንሽ አድርገን እንዳናየው የአገራችን ታሪክ ያስጠነቅቀናል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ደንግጎ ነበር። በዚያ ዘመን ሙስሊሙ ወገናችን እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አርሶና ነግዶ እየኖረ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይባል ነበር። እንደ እንግዳ ማለት ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ታላቅ ሰልፍ ያነሣው አንዱ ነገር ይኸው ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ነን፣ እኩል እንታይ የሚል። በሰልፉ ላይ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። በ1967 ዓ.ም. ሦስት የእስልምና በዓላት የአገር በዓል ሆነው ተደነገጉ። እንግዲህ ተመልከቱ፣ አንድ የአጠራር ቃል የስንቱን ሰው ልብ ስንት ዘመን ይዞ እንደኖረ።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻም፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ለአምልኮ የተሰበሰቡ የጴንጤቆስጤ አማኞች አዲስ አበባ ላይ ታስረዋል። «ጴንጤ» የሚለው ስም ራሱ መጀመሪያ የመሳለቂያ ስም ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ራሳቸው ይጠሩበታል፤ ቢሆንም ቃሉ እንደ አባባሉ ነውና፣ በፍቅር ሲባልና በንቀት ሲባል ሰሚው ለይቶ ያውቀዋል።

ቀጥሎ የመጣው የደርግ ዘመን ደግሞ ሁሉንም አማኝ በአንድ ላይ የነካ ነበር። ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን፣ በየቀበሌው በሚደረገው የውይይት ክበብ ሃይማኖት ያለፈበት ነገር፣ አማኝም ያልነቃ ሰው ተደርጎ ይነገር ነበር። ካርል ማርክስ የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ ሃይማኖትን ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ያመሳሰለበት ነገር በየመድረኩ ይጠቀስ ነበር። ማተቡን ከሸሚዙ ሥር የደበቀ ወጣት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲሄድ ዞር ዞር ብሎ የሚያይ ሠራተኛ ነበረ ይሉናል።

ነገሩም በሣቅ አላበቃም። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ ምእመናኗ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በስውር ይሰበሰቡ ጀመር። ስትዘጋ ወደ 5 ሺህ ገደማ የነበሩት አባላት፣ ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። በመሳለቅና በመዝጋት እምነት እንደማይጠፋ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ሌላም እንጨምር። በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ማረሻውንና ማጭዱን እየቀጠቀጡ፣ ጋኑንና ምጣዱን እየሠሩ ጎረቤቶቻቸውን ሲያገለግሉ ኖረዋል። ዳሩ ግን በእጃቸው ሥራ እየተጠቀመ «ፈላሻ» «ቡዳ» እያለ የሚሰድባቸው ብዙ ነበር። ወደ እስራኤል የሄዱት የእምነታቸው ናፍቆትና ሌላም ብዙ ምክንያት ኖሯቸው ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ተጉዘዋል። ጎረቤት ከሄደ በኋላ «ጥሩ ሰዎች ነበሩ» ማለት ምን ይጠቅማል? ጥሩነቱን መናገር ሳለ ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖትና የእምነት ነፃነትን ለሁሉም ሰጥቷል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 492 በተፈቀደ የሃይማኖት ሥነ ሥርዓት ላይ በአደባባይ የሚያፌዝን ወይም የሚያውክን ሰው ይቀጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ በሃይማኖት ምክንያት የሚደረግ የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል። እነዚህን ማወቅ ደግ ነው። ነገር ግን በጀርባ የተሹለከለከችን ቃል፣ ሻሽ ያደረገች ልጅ ስታልፍ የሚሳቀውን ሣቅ ፖሊስ መጥቶ አይይዘውም። ሕግ ለክፉ ቀን ነው፤ ለዕለት ኑሯችን ያለን ይሉኝታና ጉርብትና ነው።

ደግሞም የጉርብትናውን መንገድ አናውቀውም አይባልም፤ ማኅበራችን የሚሠራው በዚያው ነው። ለቅሶ ቤት ንፍሮ የምንቀቅለው ለምን ይመስላችኋል? ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ንፍሮ የጾም የፍስክ አይልም፣ የማን እርድ ነው አያሰኝም። ስንዴና ባቄላው ከአንድ ብረት ድስት ወጥቶ ሁሉም እፍኙን ይዞ ይበላል። ሥጋ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት እናደርጋለን፤ ጭልፋውም አይቀላቀልም። ይህን ደንብ ያወጡት መሥራቾቻችን የተማሩ ሰዎች አልነበሩም፤ ሰው የሚያከብረውን ነገር ማክበር ግን ያውቁ ነበር። አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው የሚለውን ሁላችን እንናገረዋለን። በድስት የጠበቅነውን እንግዲህ በአፋችንም እንጠብቀው ነው የምንለው።

ይህ ካልሆነ የሚመጣውን በግልጽ እንናገር። ያለን አንድ ድንኳን ነው። ያሉን ወንበሮችና ድስቶች ለአንድ ማኅበር የተገዙ ናቸው። ዛሬ ሦስት ቤተሰብ ሲወጣ ነገ ሦስት ማኅበር ልንሆን ነው፤ በየእምነታችን ተለያይተን ሦስት ደካማ ማኅበር። በሌሊት ሰው ሲሞት በር የሚያንኳኳው ማነው? በሩቅ ያለ የእምነት ወንድም ሊደርስ የሚችለው ሲነጋ ነው። ቶሎ የሚደርሰው ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ተወያይቶ የሚከተለውን ለጠቅላላ ስብሰባው አቅርቧል።

1ኛ. በማኅበሩ ድንኳን ውስጥ በማንም እምነት ላይ ማፌዝ ክልክል እንዲሆን። የሃይማኖት ክርክርም ለቅሶ ቤት ቦታው አይደለም።

2ኛ. የተበደለ ሰው በቀጥታ ለመውጣት ከመጻፉ በፊት ለኮሚቴው እንዲነግር። ከሦስቱም እምነት የተመረጡ ሦስት ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን ጠርተው ያነጋግራሉ። ስሙ በሰሌዳ አይወጣም።

3ኛ. ወላጆች በቤታቸው የሚናገሩትን እንዲጠብቁ። ልጅ መንገድ ላይ የሚጥለው ስድብ ቤቱ የሰማውን ነው። ልጅቷን ተከትለው የሚጮኹት ልጆች ወላጆች ራሳቸው ቤቷ ድረስ ሄደው ሰላም እንዲሉ እንለምናለን።

4ኛ. በስልክ የሚዘዋወረውን የሌላውን እምነት መሳለቂያ ቪዲዮ ወደ ማኅበሩ የቴሌግራም ቡድን ማንም እንዳይልክ። ቡድኑ የተከፈተው ለቀብር ሰዓትና ለመዋጮ ማስታወቂያ ነው።

የተቀለደባችሁ ወገኖችም አንድ ቃል እንለምናችኋለን። ስድብን በስድብ አትመልሱ። «ይህን ነገር እኔ አከብረዋለሁ፤ አንተን ስለማከብርህ እንዳትደግመው» ብላችሁ በፊቱ ንገሩት። ብዙ ሰው በፊቱ ሲነገረው ያፍራል። አጠገባችሁ ሲቀለድ የሰማችሁም ዝም አትበሉ። የሚቀልደው ሰው የሚበረታው አጃቢ ሲያገኝ ነውና፣ ከእርሱ ወገን የሆነ አንድ ሰው «ተው እንጂ» ካለው ነገሩ እዚያው ያበቃል።

የሦስቱ ቤተሰቦች ደብዳቤ በእጃችን ነው። በመዝገብ ላይ አላሰፈርነውም፤ ስማቸውም ከአባላት ዝርዝር አልተፋቀም። በሚቀጥለው እሑድ ከሽማግሌዎቹ ጋር በየቤታቸው እንሄዳለን። አብሮን ለመሄድ የሚፈልግ አባል ቢኖር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በማኅበሩ ዕቃ ቤት በር እንገናኝ። ብዙ ሆነን ብንሄድ ደስ ይለናል።

ፈጣሪ ማኅበራችንን ይጠብቅልን።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው