ጤፍ በኪሎ የሚገዛ ገበሬ

(በሳሊተ ምሕረት አካባቢ በተደረገ የእድር ስብሰባ ላይ አንድ የቀድሞ ገበሬ ያሰሙት ንግግር)



እኔ ንግግር አዋቂ አይደለሁም፤ እርፍ ይዤ ያደግሁ ሰው ነኝ። ይህ ድንኳን የተተከለበት ቦታ እኛ የአካባቢው የኦሮሞ ገበሬዎች ጤፍና ሽምብራ እንዘራበት የነበረ ማሳ ነው። እናቴ ወተትና ኩበት ይዛ በእግሯ ከተማ ትሄድ ነበር። በኋላ ከተማው ራሱ መጣብን።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ አባቴን ከጭሰኝነት አወጣው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 አርሶ አደር ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው ይላል። ያው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው!

መሬቴ ሲወሰድ ለጎጆዬና ለባሕር ዛፌ ከተከፈለኝ ሌላ፣ በ1997 በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢዬ በአሥር ተባዝቶ ተሰጠኝ። የጤፍ ዋጋ እንጂ የመሬት ዋጋ አይደለም። መሬቱ ለሊዝ ሲቀርብ ግን በካሬ ሜትር ይጫረቱበታል። ኧረ ለመሆኑ በእኔ እጅ ሳለ አፈር የነበረው፣ ከእጄ ሲወጣ እንዴት ወርቅ ሆነ? ይህን ያየ ጎረቤቴ፣ «ሳይወስዱብኝ ልሽጠው» ብሎ ለጨረቃ ቤት ቆራርሶ ሸጠው። ማን ይፈርድበታል?

«ብሩን ምን አደረግኸው?» ትሉኝ ይሆናል። አልዋሽም። ግጦሽ ስለሌለ ከብቶቼን ሸጥኩ፣ ከዘመድ ጋር ሚኒባስ ገዛሁ፤ ትርፉን ጋራዥ በላው። የቀረው በድግስና በብድር አለቀ። ገንዘብ አያያዝ ያስተማረኝ አልነበረም። ዛሬ በገዛ ማሳዬ ላይ በተሠራ ፎቅ ዘበኛ ነኝ። ባለቤቴ ጤፍ በኪሎ ትገዛለች።

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ብዜቱን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገ፤ ባለይዞታው ራሱ እንዲያለማም የቅድሚያ መብት ሰጠ። ደግ ነው። ለእኛ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ከተማ አይስፋ አላልኩም። እናንተም ቤት ያስፈልጋችኋል፤ ጎረቤቶቼ እንጂ ጠላቶቼ አይደላችሁም። የምለው፣ ገበሬው ከሊዙ ገንዘብ ድርሻ ይኑረው፣ ከብሩ በፊትም ሙያ ይማር ነው። ከከተማው ዳር ገና በሬ የሚጠምዱ ወንድሞች አሉን። ተራው ሲደርሳቸው እነሱም የማሳቸው ዘበኛ ሆነው እንዳይቀሩ ዛሬ እንናገርላቸው።