በኒውዮርክ ስላለው ባለ አራት እግር ፎቅ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተነገረ)



በኒውዮርክ፣ ባንኮችና የንግድ ቤቶች በሚበዙበት ሠፈር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 የተፈጸመ ባለ 59 ፎቅ ሕንፃ አለ። ያን ጊዜ ሲቲኮርፕ ይባል ነበር። ሥዕሉን መጀመሪያ ስናይ «ይህስ ይወድቃል» ብለን ሳቅን። በቦታው ጥግ የነበረው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በዚያው ጥግ እንደ ገና እንዲሠራ ስለ ተስማሙ፣ መሐንዲሱ ዊልያም ለመዙሪየር ታላላቆቹን ምሰሶዎች በማዕዘኖቹ ሳይሆን በየጎኑ መካከል አቆሟቸው። ማዕዘኖቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ።

በ1978 አንድ ተማሪ ስለ ምሰሶዎቹ በስልክ እንደ ጠየቃቸው መሐንዲሱ ራሳቸው ተናግረዋል። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ቢመረምሩ፣ በማዕዘን በኩል የሚመጣው ነፋስ ካሰቡት ይልቅ የሚያይል ሆኖ አገኙት፤ መጋጠሚያዎቹም በመበየድ ፈንታ በብሎን የታሰሩ ነበሩ። ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ስሕተታቸውን ለባለቤቶቹ ገለጡ፤ ሌሊት ሌሊትም ብረት እየተበየደ ሕንፃው ተጠናከረ።

አንድ ነገር ግን አልወደድንም። በውስጡ ይሠራ የነበረውና በአጠገቡ የሚኖረው ሕዝብ ነገሩን የሰማው በ1995 ነው። ስለዚህ በክፍላችን ብዙ ተከራከርን፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም።