የካርቱም ሸክላና የመምህሩ አደራ



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጕዳይ ለመምህራን ጉባኤ እንግዳ መስሎ ሊታያችሁ ይችል ይሆናል። ነገሬ ስለ አንድ ሸክላ ነው። ሸክላውም ለትምህርት ቤት የተሠራ አይደለም፤ የካርቱም ወጣቶች ለጭፈራ የሠሩት ነው። ሆኖም ታሪኩን በተከታተልሁ ጊዜ እኛን መምህራንን የሚመለከት ቁም ነገር አግኝቼበታለሁና ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በካርቱም ከተማ «ስኮርፒዮንስ» የሚባል የሙዚቃ ጓድ ነበረ፤ ስሙ በአማርኛ «ጊንጦች» ማለት ነው። ይህ ጓድ ሰይፍ አቡ በክር ከተባለው ድምፃዊ ጋር ሆኖ በ1980 «ጃዝ፣ ጃዝ፣ ጃዝ» የተሰኘ ረጅም ሸክላ አወጣ። ያሳተመውም የኩዌት ማሳተሚያ ቤት ነበር። በሱዳን «ጃዝ» ሲባል የአሜሪካኖቹን ሙዚቃ ብቻ ማለት አይደለም፤ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በሳክስፎንና በዘመናዊ ከበሮ የሚሠራውን የወጣቶች ሙዚቃ ሁሉ የሚጠቀልል ስም ነው። ይህ ሸክላ ከጊዜ በኋላ ከገበያ ጠፋ። በ2018 ግን «ሐቢቢ ፈንክ» የተባለ የበርሊን ማሳተሚያ ቤት እንደገና አሳተመው።

ይኸን ሙዚቃ ባንድ ክፍል ውስጥ ለእጩ መምህራን አሰማኋቸው። ስሙንም አገሩንም አስቀድሜ አልነገርኋቸውም። ድምፃዊው አፉን ከመክፈቱ በፊት ገሚሶቹ «የአዲስ አበባ የድሮ ሙዚቃ ነው» አሉ። በዚህ ሊፈረድባቸው አይገባም፤ የመካከለኛው ሱዳን ዜማ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የቆመ ነውና። የሱዳኑ ታንቡርም የክራራችን የቅርብ ዘመድ ነው። ዐረብኛው ሲጀመር ግን ሁሉም ዝም አሉ። ከዚህ በኋላ «ማን ሠራው? መቼ? የት?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ የሚመልስ አልተገኘም። ቀጥዬም «እንግዲያው ወላጆቻችሁ የሚወዱትን አንድ ዘፈን መርጣችሁ እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች መልሱልኝ» አልኋቸው። አሁንም የሚመልስ አልነበረም። እኔም በበኩሌ እናቴ እንጀራ ስትጋግር ታንጐራጕረው የነበረውን ዘፈን አስቤ ብሞክር፣ ከዘፋኙ ስም በቀር የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ተማሪን የጠየቁትን ራስ መመለስ አለመቻል ምን ያህል እንደሚያሳፍር እናንተ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ አንድን አሮጌ ሸክላ እንደገና ማሳተም ማለት ድምፁን ከአቧራ ማንሣት ብቻ አይደለም፤ የሠሪውን ስም፣ ዘመኑንና ቦታውን መልሶ ከሥራው ጋር ማገናኘት ነው። ስሙ የተለየው ሥራ ባለቤቱ እንደጠፋበት ከብት ነው፤ ያገኘው ሁሉ የእኔ ነው ይለዋል።

ይህ ሁሉ ሙዚቃ ስለምን ተረሳ? አንደኛው ምክንያት ፖለቲካ ነው። የኒሜሪ መንግሥት በ1983 የሸሪዓን ሕግ ባወጀ ጊዜ የምሽት ጭፈራው ተዳከመ፤ ከ1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላም እገዳው ከበደ፤ ብዙዎችም ሙዚቀኞች ተሰደዱ። ሁለተኛው ምክንያት የእኛው የሰዎች ቸልተኝነት ነው፤ አንድ ነገር ባንድ ቦታ ብቻ ተቀምጦ ሳለ ለዘለዓለም የሚኖር ይመስለናል።

ከማል ኬይላ የተባለው የሱዳን ዘፋኝ በ1992 ለሬዲዮ ያስቀረፃቸውን የቴፕ ጥቅልሎች በቤቱ ጠብቆ አቈያቸው። ገሚሱ በእንግሊዝኛ፣ ገሚሱ በዐረብኛ የተዘፈነው ይህ ሥራ «ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች» ተብሎ በ2018 ታተመ። አንድ ሰው በቤቱ ስላኖረው ተገኘ ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2023፣ በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በ1940 የተመሠረተው የኦምዱርማን ሬዲዮ ግቢም በፈጥኖ ደራሹ ኀይል ተያዘ፤ የመንግሥቱ ጦር ያስለቀቀው በመጋቢት 2024 ነው። በነዚያ ወራት ሁሉ የሱዳን ሕዝብ የድምፅ ቅርስ በተኩስ መካከል ነበረ። ያንጊዜ በየሰዉ ቤት የተቀመጠ ቴፕ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ማንም ሊረዳው ይችላል።

የጎረቤቱን ነገር መናገር ይቀላል፤ የእኛስ እንዴት ነው? አቶ አምኃ እሸቴ በ1969 ማሳተም የጀመሩትን ሸክላዎች ዓለም በብዛት የሰማቸው ከ1997 ወዲህ በፓሪስ በታተመው «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ነው። አቶ ኀይሉ መርጊያም በ1985 በካሴት ያወጡት ሙዚቃ በ2013 በአሜሪካ እንደገና ሲታተም፣ እርሳቸው በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ነበሩ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የሚለው አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

አንዳንድ ሰዎች «ባዕዳን በእኛ ሥራ ነገዱበት» እያሉ ያማርራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የባለ ሥራው ድርሻ ሊጠበቅ ይገባል። የበርሊኑ ማሳተሚያ ቤት ትርፉን ከባለ ሥራዎቹ ጋር እኩል እንደሚካፈል አስታውቋል። ነገር ግን ሰውዬው ከሩቅ አገር መጥቶ የጠየቀውን ጥያቄ እኛ በደጃችን ሳለን ካልጠየቅን፣ ወቀሳው ዞሮ ወደ እኛ ይመለሳል።

ትምህርት ቤትና ሙዚቃ ተለያይተው መኖር እንደሌለባቸው የካርቱም ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። በ1935 በኦምዱርማን የተወለደውና «የሱዳን ጃዝ ንጉሥ» የሚባለው ሸርሐቢል አሕመድ ሥዕል የተማረ ሰው ነበር፤ ከ1946 ጀምሮ በትምህርት ክፍሉ ማሳተሚያ ቢሮ ይወጣ ለነበረው «አል ሲብያን» ለተባለው የልጆች መጽሔት ሥዕል ይሥል ነበር። ማታ ጊታር የሚመታው እጅ ቀን ለሕፃናት ይሥል ነበር ማለት ነው። የሱዳን የትምህርት ሰዎች እንዲህ ያለውን ሰው በመካከላቸው አገኙት፤ ተጠቀሙበትም።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ የማሳስበው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። እያንዳንዱ እጩ መምህር ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ካንድ ሽማግሌ ወይም ካንዲት ባልቴት አንድ ዘፈን ይቅረፅ። በተንቀሳቃሽ ስልኩ መቅረፅ ይችላል። በመዝገብም ላይ የዘፋኙን ስም፣ የተዘፈነበትን ቦታ፣ ቀኑንና ዘፈኑን ከማን እንደተማረው ይጻፍ። ቅጂው ሁለት ይሁን፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛው ከዚያ ርቆ በሌላ ከተማ ይቀመጥ። የሁለተኛው ቅጂ ነገር ትንሽ መስሎ አይታያችሁ፤ ከካርቱም የተማርነው ይህንኑ ነውና።

እኔ ሥራዬን ከእናቴ ዘፈን ጀምሬአለሁ። ስትመለሱ እናንተም ከየቤታችሁ እንድትጀምሩ በትሕትና እለምናችኋለሁ።