የትራክተር ሞተር የፊት ማርሾች ሲበሉ፤ አፈታትና አገጣጠም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል በቱሉ ዲምቱ የቀረበ ገለጻ)



ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ቢሆንም የአቃቂ ሜዳ የሚታወቀው በጥቁር መረሬው ነው። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይጣበቃል፤ ለእርሻ የሚመቸው ጊዜ አጭር ነው። በዚያ ጊዜ የማኅበር ትራክተር ከቆመ ተራ የያዘው አባል ሁሉ አብሮ ይቆማል።

ምሳሌው ቤላሩስ ይሁን። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ይህንኑ ትራክተር ሲገጣጥም ስለኖረ ገበሬው በደንብ ያውቀዋል። በሞተሩ ፊት ክዳን ሥር የኮሎው፣ የካምሻፍቱና የናፍጣ ፖምፓው ማርሾች በአንድ መካከለኛ ማርሽ ይያያዛሉ። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ጥርሳቸው ሲበላ ሞተሩ ከፊት በኩል ይጮኻል፣ በጠዋት አልነሳ ይላል፣ ዘይቱ ሲቀየር የብረት ብናኝ ይታይበታል። ይህን የሰማ ሾፌር «እስከ መኸር ይቆይ» ማለት የለበትም። ጥርስ ከተሰበረ ቫልቮው ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል፤ ያኔ ወጪው የማርሽ ሳይሆን የሙሉ ሞተር ይሆናል።

የቤላሩስ የፊት አክሰል የሚንጠለጠለው ከሞተሩ ፊት ስለሆነ ትራክተሩ በጠንካራ ድጋፍ ሳይቆም አይፈታም። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ የሰው ሕይወት አለበት። ራዲያተሩ፣ ቺንጊያውና ፑሌጃው ወጥተው ክዳኑ ከተነሳ በኋላ፣ አንድም ማርሽ ሳይነቀል ሞተሩ በእጅ እየዞረ ምልክቶቹ ትይዩ ይደረጋሉ። ምልክቶቹ በማርሾቹ ላይ የተመቱ የሩስያ ፊደላት ሲሆኑ እያንዳንዱ ፊደል ከራሱ አቻ ጋር ይገጥማል። ዝገት ካጠፋቸው ባለሙያው የራሱን ነጥብ ይምታ። ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ችኩል እጅ መጀመሪያ ይነቅልና ምልክት ኋላ ይፈልጋል።

ማርሽ በመንቀያ እንጂ በመዶሻ አይወጣም። የመካከለኛው ማርሽ ቡሽ ከላላ አዲስ ጥርስም ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ አብሮ ይታይ። ከተበላ ማርሽ ጋር አዲስ ማጣመድም ቁጠባ አይደለም፣ የሚነካካው ሁሉ አብሮ ቢቀየር ይሻላል። አዲሱ ጠብቆ የሚገባ ከሆነ በሞቀ ዘይት ይሞቅ፤ የእሳት ነበልባል ግን የጥርሱን ጥንካሬ ያጠፋል። ቺያቬታው በቦታው መቀመጡ፣ የዘይት ቀዳዳው አለመደፈኑ ይረጋገጥ። የኮሎው የዘይት ጎማና ጓርኒሲዮኑ በአዲስ ይተኩ።

ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ሞተሩ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ይዞራል። አንድ ቦታ ከያዘ በጉልበት መግፋት ክልክል ነው፤ አንድ ጥርስ ተዛንፏል ማለት ሊሆን ይችላል። ከዙሩ በኋላ በመካከለኛው ማርሽ ያሉት ምልክቶች ባይገጥሙ ግን አያስደነግጥም። የእሱ ጥርስ ብዛት ከሌሎቹ ጋር ስለማይመጣጠን ተመልሰው የሚገናኙት ከብዙ ዙር በኋላ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ትክክል የገጠመውን መልሶ ይፈታል።

የወጣው ማርሽ ለቁራሊዮ አይሸጥ። መለዋወጫ ሲገዛ ጥርሱ ተቆጥሮ የሚመሳከረው በእሱ ነው። ገበያ ላይ ቢታጣም ለማሠራት ናሙና ይሆናል፤ ለስኳር ፋብሪካዎች ሳይቀር መለዋወጫ ሲሠራ የኖረው የአቃቂው ፋብሪካ ከቱሉ ዲምቱ ሩቅ አይደለም።