የጥላ ቀለም፦ ኢምፕሬሽኒስት ሠዓልያንና የደረስጌ ማርያም ሥዕሎች

(በመካነ ብርሃን ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)

ስሟ የብርሃን ስፍራ በሆነች ከተማ ስለ ብርሃን ለመናገር መነሣት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህም ንግግሬን በኑዛዜ እጀምራለሁ።

ከዓመታት በፊት ከዚሁ ከጃናሞራ የመጣ አንድ ተማሪ የገብስ ክምር ሥሎ አቀረበልኝ። ክምሩ ቢጫ ነው፤ መሬት ላይ የወደቀው ጥላው ግን ወይን ጠጅ ነበር። እኔም «ጥላ ግራጫ ነው» ብዬ ነጥብ ቀነስሁበት። ልጁ አልተከራከረኝም። «እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚታየው» ብሎ ሸራውን ጠቅልሎ ወጣ። ከሁለታችን ማን እንደ ተሳሳተ በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1874 ሠላሳ ያህል ሠዓልያን በፓሪስ ከተማ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ናዳር ይሠራበት በነበረው ቤት፣ የራሳቸውን ትርኢት ከፈቱ። ሞኔ፣ ሬኗር፣ ፒሳሮ፣ ዴጋ፣ ሲስሌና ቤርት ሞሪዞ ከነዚህ መካከል ነበሩ። መንግሥት የሚደግፈው የዓመቱ ታላቅ ትርኢት ዳኞች የብዙዎቹን ሥራ በተደጋጋሚ ጥለውባቸው ነበር። ሞኔ ካቀረባቸው ሥዕሎች አንዱ በማለዳ ጭጋግ የተሸፈነ ወደብ ነበር፤ ርእሱም የፀሐይ መውጣትን ስሜት የሚያመለክት ነበር። ሉዊ ለርዋ የተባለ ጋዜጠኛ በዚህ ርእስ ተሳልቆ ሁሉንም «ኢምፕሬሽኒስቶች» አላቸው። ስድቡ ስም ሆኖ ቀረ።

የእነዚህ ሰዎች አሣሣል ከሰማይ አልወረደም። ሦስት ምንጮች ነበሩት።

የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ቀለም የሚታሸግበትን የቆርቆሮ ቱቦ ፈለሰፈ። ከዚያ በፊት በዘይት የተለወሰ ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ነበር፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ይፈሳል። ቱቦው ሲመጣ ሠዓሊው ቀለሙን በቦርሳ ይዞ በባቡር ወደ ወንዝ ዳርና ወደ እርሻ መውጣት ቻለ። ውጭ የሚሥል ሰው ደግሞ ፀሐይ ስለማትጠብቀው መፍጠን አለበት። አጭሩና ፈጣኑ የብሩሽ ምት ከዚህ ጥድፊያ ተወለደ።

ሁለተኛው ውሰት ነው። ጃፓን በሯን ለውጭ ንግድ ከከፈተች በኋላ የሆኩሳይና የሂሮሺጌ የእንጨት ህትመቶች ፓሪስ ደረሱ። ፈረንሳውያኑ ከእነርሱ ደማቅና ወጥ ቀለምን፣ ከዳር የተቆረጠ እይታን ተማሩ። የቀለም ቀማሚው ሊቅ ሼቭረል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው ጥናት፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለማት አንዱ የሌላውን መልክ እንደሚለውጡና ተቃራኒ ቀለማት እርስ በርስ እንደሚደማመቁ አሳይቶ ነበር፤ ብርቱካናማ ከሰማያዊ፣ ቢጫ ከወይን ጠጅ ጋር።

ሦስተኛው የገዛ አገራቸው ነው። ሞኔ በወጣትነቱ ቡዳን የተባለ ሠዓሊ ከቤት አውጥቶ ባሕሩንና ሰማዩን እንዲሥል አደፋፈረው። ከሠላሳ ዓመታት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891፣ ያው ሞኔ ከቤቱ አጠገብ በነበረ ማሳ ላይ የቆሙ የእህል ክምሮችን በጧት፣ በቀትር፣ በምሽትና በበረዶ ወደ 25 ጊዜ ያህል ሣላቸው። ክምሩ ያው ነው፤ የሚለወጠው ሰዓቱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንመለስ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ፣ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። በዚያ ወር ሞኔ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር። እርሱ ቀለም ሳይጨብጥ የደረስጌ ሥዕሎች በአባቶቻችን መንደር ነበሩ ማለት ነው።

እነዚህ ሥዕሎች የጎንደር ልጆች ናቸው። የጎንደር ሠዓልያንም አካሄዳቸውን ያበጁት በነዚያው ሦስት ምንጮች ነበር። የወንጌል ሥዕሎቻቸውን ስንመረምር፣ እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 ሮም ላይ በታተመው የዐረብኛ ወንጌል ውስጥ ያሉትን የአንቶኒዮ ቴምፔስታን የእንጨት ህትመቶች እናገኛለን። እጆቿን አጣምራ ልጇን የታቀፈችው እመቤታችንም ሮም ካለችው ከሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል የተወረሰች ናት፤ የሥዕሏን ህትመት ወደ አገራችን ያመጡት ኢየሱሳውያን ናቸው። ነገር ግን አባቶቻችን የተዋሱትን እንዳለ አልለጠፉትም። ፊቱን የእኛ ፊት፣ ልብሱን የእኛ ልብስ አደረጉት፤ ዓይኑን አገዘፉት፤ ጥቁርና ነጩን ህትመት በራሳቸው ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ አለበሱት። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ደግሞ ፊትንና እጅን በጥላ ማወፈር፣ መደቡን ከቢጫ ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ ማሸጋገር ተስፋፋ። ይህ ሁሉ ውሰት ነው፤ ነገር ግን የተፈጨና የተቦካ ውሰት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሱ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎን ታይቶ ባንድ ዓይን ይቀራል። ቅዱሱ መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ የለውም፤ ብርሃኑ ከምሥራቅም ከምዕራብም አይመጣም። ሠዓሊው የሚሥለው የነፍስን ሁኔታ እንጂ ሰዓትን አይደለምና። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ምርጫ ነው። ሞኔ ደግሞ ሰዓትን መረጠ። ሁለቱም ምን እንደሚያዩ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ተማሪዬ። ጥላ ብርሃን የሌለበት ቦታ አይደለም። ፀሐይ በቀጥታ ባታየውም ሰማይ ያየዋል፤ የሰማዩም ሰማያዊ ብርሃን ያርፍበታል። በከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰማዩ የጠለቀ ሰማያዊ ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚወጣው ራስ ደጀን በሚታይበት አገር ደግሞ ይህ በዓይን ይለያል። በዚያ ላይ ቢጫ ገብስ ሲጨመርበት፣ በሼቭረል ትምህርት መሠረት፣ አጠገቡ ያለው ጥላ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ለተማሪዎችም አስተምረው ነበር። ባለፈው ኅዳር ግን ከዚህ ከተማ ወጣ ብዬ በማለዳ አንድ አውድማ ዳር ቆምሁ፤ የክምሩም ጥላ ወይን ጠጅ ሆኖ አየሁት።

እ.ኤ.አ. በ1876 አንድ የፓሪስ ሃያሲ፣ ሬኗር በሣላት ሴት ገላ ላይ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ጥላ ቢያይ የበሰበሰ ሥጋ መሰለኝ ብሎ ጽፎ ነበር። ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እየነገርሁ አስቃቸው ነበር። ያን ቀን አውድማው ዳር የገባኝ፣ እኔም ከሃያሲው ጎን ቆሜ እንደ ነበር ነው። ልጁ ሞኔን አልገለበጠም። የአባቱን ክምር ነበር ያየው።

ይህን የምናገረው ስለ አንድ ነጥብ ብቻ አይደለም። ዛሬ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ የመጣ የታተመ ወረቀት በጥንታዊ ሥዕል ላይ ሲሰቀል አያለሁ። በየመንገዱ ዳርም ወጣቶቻችን የሰሜንን ተራራ ከፖስትካርድና ከስልክ እየገለበጡ ለእንግዳ ሲሸጡ አያለሁ። አልወቅሳቸውም፤ እንጀራ ነው። ነገር ግን ተራራው ከጀርባቸው ቆሟል፤ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። አባቶቻችን የሮምን ህትመት ሲቀበሉ በብዕርና በብሩሽ እንደ ገና ወለዱት፤ እኛ ግን በምስማር እንሰቅለዋለን። ልዩነቱ ይህ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። አባቶች ሆይ፣ የደረስጌን ሥዕሎች ከዝናብ ፍሳሽና በላያቸው ላይ ከሚደረብ ቀለም ጠብቁልን፤ ያለ ባለሙያ ምክር አይታደሱ። እናንተ ወጣቶች ደግሞ አንድ ክምር ምረጡ፤ አንድ ጅብራም ይሁን አንድ ገደል። በጧት፣ በቀትር፣ ጉሙ ከሸለቆ ሲወጣም ሣሉት። ቀለም ከየትም ተዋሱ፤ ዓይን ግን አትዋሱ።

ያንን ተማሪ ፈልጌ አላገኘሁትም። በዚህ ጉባኤ የሚያውቀው ካለ፣ መምህርህ ተሳስቶ ነበር ብላችሁ ንገሩልኝ።