የተማሪ በዓልና የመምህር ውለታ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ነሐሴ 13 ቀን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ የአብነት ትምህርት ቤቱ ደጅ በሰው ይሞላል። ዕለቱ በዓለ ደብረ ታቦር ነው። ለእረኛው ልጅ በዓሉ ጅራፍና ሙልሙል ሲሆን፣ ለቆሎ ተማሪ ግን የራሱ የተማሪው በዓል ነው። ዓመቱን ሙሉ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ቆሞ ቁራሽ ሲለምን የከረመው ተማሪ በዚያ ቀን ጋባዥ ይሆናል። አስቀድሞ «ስለ ደብረ ታቦር» እያለ ከየመንደሩ እህል ያሰባስባል፤ ጌሾ ይወቅጣል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ ዳቦ ይጋገራል። ከዚያም የኔታን በክብር ቦታ አስቀምጦ፣ ሲመግበው የከረመውን የመንደር ሰው በተራው ያስተናግዳል።

ምክንያቱ ከበዓሉ ታሪክ ይገኛል። ክርስቶስ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ወደ ተራራ ይዞ ወጥቶ ብርሃኑን የገለጠላቸው በዚህ ዕለት ነውና፣ ቀኑ የመምህርና የደቀ መዝሙር ቀን ሆኖ ይታሰባል።

ይህ ክብር በከንቱ የተሰጠ አይደለም። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የትም ይማር የት፣ በዜማው መምህር ሊባል የሚሻ ሰው ወደዚያ ሄዶ በሊቃውንቱ ፊት ማዜምና መታረም ይኖርበታል፤ በልማዱም የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋል። በዚያው በጋይንት ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። በእስቴ ደግሞ ቆማ፣ ከቤተልሔምና ከወሎው አጫብር ጋር የሚቆጠር የራሱ የዜማ ስልት አለው። ስማዳ በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች የተከበበ በመሆኑ፣ ከጎጃምም ሆነ ከወሎ ተሻግሮ ለሚመጣ ተማሪ የትምህርቱ የመጀመሪያ ፈተና ገደሉ ነው።

መሐንዲስ ሁሉ የምስክር ወረቀትን ዋጋ ያውቃል። የመሰከረ መሪጌታ ግን ከወረቀት ይልቅ የሚጠየቀው «የማን ተማሪ ነህ?» ተብሎ ነው። እሱም መምህሩን፣ የመምህሩንም መምህር በስም ይቆጥራል።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት የተመለከትን እንደሆነ፣ በሰኔ የወላጆች በዓል የሚሸለመው አንደኛ የወጣው ተማሪ ነው፤ መምህሩ ሽልማት አቀባይ እንጂ ተቀባይ አይደለም። ከ1940ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሩት መካከል ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ። ከነዚያ መምህራን ተምረው ድልድይና ግድብ ለመሥራት ከበቁት ኢትዮጵያውያን ውስጥ የመምህሩን ሙሉ ስም የሚያስታውስ ስንቱ ይሆን? የእነዚያ መምህራን አገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1962 ጀምሮ ሴፕቴምበር 5 ቀንን የመምህራን ቀን አድርጋ ታከብራለች። ቀኑ የፍልስፍና መምህር የነበሩት የፕሬዚዳንት ሳርቬፓሊ ራዳክሪሽናን ልደት ሲሆን፣ ልደታቸውን ሊያከብሩ የፈለጉትን ሰዎች «ለመምህራን ሁሉ ይሁን» እንዳሏቸው ይተረካል። በዚያ ቀን ሕፃናት አበባ ይዘው ይመጣሉ፤ ትልልቆቹም ተማሪዎች በመምህሩ ቦታ ቆመው ያስተምራሉ። የዓለም የመምህራን ቀን ደግሞ ከ1994 ወዲህ ኦክቶበር 5 ይውላል። የሕንዶቹ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 30 ነው፤ ከቡሄ 17 ቀን ይርቃል። የቆሎ ተማሪው ግን አዋጅ ሳይጠብቅ በዓሉን ሠርቶታል።

ይሁን እንጂ በዓል ብቻውን መምህር አያኖርም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ የቤተ ክርስቲያን ርስትም አብሮ ተወረሰ፤ ከዚያ ወዲህ የኔታና ተማሪዎቹ ኑሯቸው በአጥቢያው ሕዝብ ትከሻ ላይ ወደቀ። ያ ሕዝብ ደግሞ ድርቅ የሚደጋግመው ነው። አዝመራው የከዳ ዓመት ቁራሽ ይጠፋል፤ ቁራሽ ሲጠፋ ተማሪው ይበተናል፤ ተማሪው ሲበተን ደግሞ ከመምህሩ አንደበት እንጂ ከመጽሐፍ ብቻ የማይገኘው ዜማ ወራሽ ያጣል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ለመሐንዲስ የሚስማማው ምስጋና በሥራ የሚገለጽ ነው። ክረምት የማያፈስ ጣራ፣ የጎለበተ ምንጭ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ በየወንዙ ላይ የእግረኛ ድልድይ፤ እነዚህ ከባድ ስሌት የሚጠይቁ አይደሉም። ነገር ግን በአንዲት ጠባብ ጎጆ ታጭቀው ለሚያድሩ ተማሪዎች በሽታን ያርቃሉ፤ ለየኔታም የእርጅና ዘመን ዕረፍት ይሰጣሉ። ከማኅበሩ አባል እያንዳንዱ በዓመት ጥቂት ቀን ቢሰጥ፣ የአንድ ጉባኤ ቤት ችግር በአንድ ክረምትና በጋ ሊቃለል ይችላል።

የቆሎ ተማሪ ለምኖ ደግሷል። ደመወዝ ያለው ባለሙያ ከዚያ ማነስ የለበትም። «የማን ተማሪ ነህ?» ተብሎ የተጠየቀ መሐንዲስም በመልሱ የመምህሩን ስምና ለመምህራን የሠራውን ሥራ አብሮ ይጥራ።