የአሮጌ መኪና የኋላ መብራትና የፖርታላምፓዳ ዝገት
(በማኅበሩ የሰኔ ወር ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ሊቀመንበሩ «ክረምቱ ሳይበረታ ስለ መኪና መብራት አንድ ነገር በል» ስላሉኝ ጊዜያችሁን ሳልወስድ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። መኪና የሌላችሁም እንድትሰሙኝ እለምናለሁ፤ ቁልቁለቱን በምሽት የሚያቋርጡት ልጆች የሁላችንም ናቸውና።

በሰፈራችን ያለው መኪና ቮልስ፣ ላዳና የድሮ ኮሮላ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌውን እያስታመሙ መያዝ ግድ ሆኗል። ሞተር ሲታመም ይጮኻል። የኋላ መብራት ሲጠፋ ግን ለባለቤቱ አይናገርም፤ የሚያየው ከኋላ የሚመጣው ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታችን ላዳቸውን ፍሬን ይዘው ሲያቆሙ ከኋላ ተገጭተው ሦስት ወር ያህል ከሥራ ተስተጓጉለዋል። አምፑሉ ሲፈተሽ ደኅና ነበር። የተበላሸው አምፑሉ የሚሰካበት ፖርታላምፓዳ ነው፤ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። አንድ ጋራዥ «ሽቦው በሙሉ ይቀየር» ብሎ ብዙ ብር ጠይቋቸው ነበር። በኋላ የተሠራው ግን በብርጭቆ ወረቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመብራቱ ሽፋን ጎማ ሲደርቅ ውሃ ያስገባል። የአምፑሉ እግር ናስ ነው፤ ፖርታላምፓዳው ብዙ ጊዜ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ሁለት ዓይነት ብረት ውሃ ሲያገናኛቸው፣ በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው፣ አንደኛው መበላት ይጀምራል። ዝገቱ ኤሌክትሪኩን ፈጽሞ ባይቆርጠውም ያደክመዋል። ቮልቱ ከመቶ 10 እጅ ቢቀንስ ብርሃኑ ከመቶ 30 እጅ ያህል ይቀንሳል። የፍሬኑ አምፑል 21 ዋት፣ የማታው 5 ዋት ነው። የፍሬኑ ደክሞ የማታውን ከመሰለ ታዲያ ከኋላ ያለው ሾፌር ፍሬን መያዛችሁን በምን ይወቅ?

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ማሳውን ነው። ኤሌክትሪክ ወደ አምፑሉ በሽቦ ሄዶ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪ ይመለሳል። የመመለሻው መንገድ በዝገት ሲዘጋበት በሌላው አምፑል በኩል ልውጣ ይላል። ስለዚህ ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው ፈዘዝ ብሎ ከበራ፣ ወይም ፍሬቻ ስታበሩ የኋላው መብራት አብሮ ከጠቀሰ፣ ከሁሉ በፊት ማሳውን ጠርጥሩ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ መብራቱን አብርታችሁ አንድ ሽቦ ከፖርታላምፓዳው ቆርቆሮ ወደ መኪናው አካል፣ ቀለሙ በተፋቀበት ቦታ፣ አገናኙ። ቦግ ካለ በቃ፣ ማሳው ነው። ያን ጊዜ ከማሰሪያው ብሎን ሥር ያለውን ቀለምና ዝገት ፍቆ ማጥበቅ፣ እምቢ ካለም አዲስ የማሳ ሽቦ መጨመር ነው።

ወደ ጽዳቱ ስንመጣ አስቀድማችሁ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ቁልፍ ነቅያለሁ ማለት አይበቃም፤ በብዙ መኪና የፍሬን መብራት ያለ ቁልፍም ይበራል። አምፑሉን በጨርቅ ይዞ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ወደ ግራ ማዞር ነው። ከተጣበቀ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እስከ ነገ ተዉት። ጉልበት የምትወዱ ሰዎች መስተዋቱን እጃችሁ ላይ ትሰብሩታላችሁ። ከዚያ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ላይ ጠቅልሎ የፖርታላምፓዳውን ግድግዳና ከታች ያለውን መንኪያ መፈግፈግ ነው። ሥር የሰደደውን ዝገት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አቼቶ ቀብቶ ዐሥር ደቂቃ ያህል መተው፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ በደንብ ማድረቅ ነው። አቼቶው ሳይታጠብ ከቀረ ራሱ ያዝገዋል። በመጨረሻም ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ቫዝሊን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ግን ሞላው ሲጫነው ከሚነካካው ቦታ ላይ ተገፍቶ ይወጣና ዙሪያውን ከውሃ ይጠብቃል። ሞላው ከሞተ መፋቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ሶማሌ ተራ ወርዶ ሌላ መግዛት ይሻላል።

አምፑሉን ስትመልሱ ልብ በሉ። ሁለት ክር ያለው አምፑል ጎንና ጎኑ ላይ ያሉት ጉጦች እኩል አይደሉም፤ በአንድ በኩል ብቻ እንዲገባ ተብሎ ነው። በግድ አዙሮ የሰካ ሰው የማታውን መብራት በፍሬኑ ቦታ ያደርገዋል።

በፊውዝ ነገር አደራ። የላዳና የቮልስ ፊውዝ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ ባለ 8 እና ባለ 16 አምፔር ነው። ጫፉ ስለሚዝግ አንዳንድ ጊዜ በጣት ዞር ዞር ማድረግ ብቻ መብራቱን ይመልሰዋል። በተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብር ወረቀት መጠቅለል ግን ጥገና አይደለም፤ መኪና ማቃጠያ ነው። ከሽፋኑ በታች ትንሽ ቀዳዳ ካያችሁም በሲሊኮን አትድፈኗት፤ የገባው ውሃ የሚወጣው በእሷ ነው።

የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ በተራ እንሠራለን። ብርጭቆ ወረቀት፣ አቼቶና ቫዝሊን ማኅበሩ ገዝቷል፤ አምፑል ግን እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ። ፍሬን የሚረግጥና ከኋላ ሆኖ የሚያይ ስለሚያስፈልግ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ኑ።